የልብ ደም ቧንቧ ሕመም እንዴት ታወቀ

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን በ1768 እ.ኤ.አ. ለለንደን ሐኪሞች ኮሌጅ ባነበበው ጽሑፍ አንድ የደረት ሕመም ገለጸ። ሕመሙ ሰውን ሲራመድ፣ በተለይም ዳገት ሲወጣና ከምግብ በኋላ ይይዘዋል፤ ነፍሱ የምትወጣ እስኪመስለው ያስጨንቀዋል፤ ቆም ሲል ግን ወዲያው ይለቀዋል። ጽሑፉ በ1772 ታተመ፤ ሕመሙም «አንጃይና ፔክቶሪስ» ተባለ። የዛሬም ታማሚ ለሐኪሙ የሚናገረው ከዚህ እምብዛም አይለይም። ሄበርደን ያልደረሰበት የሕመሙ ምንጭ ነው።

ኋላ በፈንጣጣ ክትባት ስሙ የገነነው ኤድዋርድ ጄነር በዚሁ ሕመም የሞተ ሰው ልብ ሲከፍት፣ ቢላዋው ጠጣርና ሻካራ ነገር ነካ። ጣሪያው ያረጀ ነበርና ልስን የወደቀ መስሎት ቀና ብሎ አየ። ጠጋ ብሎ ሲመረምር ግን ልብን የሚመግቡት ቧንቧዎች ራሳቸው እንደ አጥንት ጠጥረው አገኛቸው። ይሁን እንጂ መምህሩ ጆን ሃንተር በሕመሙ ይሠቃይ ስለነበር፣ እንዳያስደነግጠው ብሎ ግኝቱን ሳያሳትም ቆየ። ሃንተር በ1793 በሆስፒታል ስብሰባ ላይ ክርክር ተነሥቶ እዚያው ሞተ፤ አስከሬኑ ሲመረመር የጄነር ግምት ትክክል ሆነ። ሐሳቡን በ1799 በመጽሐፍ ያወጣው የጄነር ወዳጅ ኬሌብ ፓሪ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ምዕተ ዓመት ያህል ዕውቀቱ ብዙም አልተራመደም። በ1879 ናይትሮግሊሰሪን ለማስታገሻነት ቢቀርብም፣ ቧንቧው ድንገት የተዘጋበት ሰው ወዲያው ይሞታል የሚለው እምነት ጸና። ይህን በ1910 የኪየቭ ሐኪሞች ኦብራዝትሶቭና ስትራዤስኮ፣ በ1912 ደግሞ የቺካጎው ጄምስ ሄሪክ አፈረሱት፦ ታማሚው ሊተርፍ፣ ሕመሙም በሕይወት ሳለ ሊታወቅ ይችላል። ሄሪክን መጀመሪያ የሰማው ጥቂት ነበር። ሐሳቡ የተስፋፋው የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው መሣሪያ የሕመሙን ምልክት በወረቀት ላይ ማሳየት ሲጀምር ነው።

ቧንቧው ለምን ይጠብባል? ሩሲያዊው ኒኮላይ አኒችኮቭ በ1913 ኮሌስትሮል የመገባቸው ጥንቸሎች ቧንቧ ስብ እንዳጠራቀመ አሳየ። ከ1948 ጀምሮ በአሜሪካዋ ፍራሚንግሃም ከተማ 5,209 ሰዎችን የተከታተለው ጥናት ደግሞ የደም ግፊትን፣ ኮሌስትሮልንና ሲጋራን ከሕመሙ ጋር አያያዘ።

አንድ ክርክር ግን ቀረ፦ በቧንቧው ውስጥ የሚገኘው የረጋ ደም ድንገተኛውን የልብ ሕመም ያመጣዋል ወይስ ከጉዳቱ በኋላ ይፈጠራል? በ1980 ማርከስ ዲዉድና ባልደረቦቹ ሕመሙ በጀመረ በአራት ሰዓት ውስጥ ከመረመሯቸው 126 ታማሚዎች በ110ሩ ቧንቧው ፈጽሞ ተዘግቶ አገኙት። የረጋው ደም መንስኤ መሆኑ ከታወቀ ማሟሟቱ ሕክምና ሆነ። በ1986 በጣሊያን ከ11,000 በላይ ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ስትሬፕቶኪናዝ ሞትን እንደሚቀንስና በቶሎ ሲሰጥ ጥቅሙ እንደሚበልጥ አረጋገጠ።