የተሰረዘው ዋጋ

በቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ባሉ ቡቲኮች መስታወት ላይ «ታላቅ ቅናሽ» ከመለጠፉ በፊትም አዲስ አበባ ቅናሽን ታውቅ ነበር። በአራዳ ገበያም ሆነ ጣሊያን በወረራው ዘመን ባቋቋመው መርካቶ ነጋዴው መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ የክርክር መክፈቻ ነበር፤ «መጨረሻው ስንት ነው?» ይከተለው ነበር፤ ዋጋ የሚባለውም ሁለቱ የተስማሙበት ነበር። የመጀመሪያውን ጥሪ «የቀድሞ ዋጋ» ብሎ የቆጠረው ሰው አልነበረም። አውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ከልደታ ወደ ቦሌ ከተዛወረ በኋላ በአስፋልቱ ዳር ያደገው ንግድ ግን ውሎ አድሮ ሌላ ልማድ አመጣ፦ «ዋጋው ፊክስ ነው»። እኔ እንደምለው ክርክሩ አልጠፋም። ነጋዴው የሻጩንም የገዢውንም ድርሻ ብቻውን ተናግሮ በወረቀት ለጠፈው እንጂ፤ በቅናሽ ወረቀቱ ላይ የተሰረዘው ቁጥር ጥሪው ነው፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ «መጨረሻው»።

የተሰረዘው ቁጥር ባይጻፍ እንኳ ማውጣት ይቻላል፤ ብዙ ሰው ግን ይሳሳታል። በ25 በመቶ ቅናሽ 1,500 ብር የሚሸጥ ጫማ ስንት ነበር? የ1,500ን 25 በመቶ ደምሮ 1,875 የሚል ብዙ ነው። ቅናሹ የተቆረጠው ከቀድሞው ዋጋ ስለሆነ 1,500 የዚያ 75 በመቶ ነው፤ ለ0.75 ሲካፈል 2,000 ይመጣል። በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስም ያው ስሌት ነው። ታክሱን ጨምሮ 1,150 ብር የተከፈለበት ዕቃ ያለ ታክስ 1,000 ብር ነው፤ ከ1,150 ላይ 15 በመቶ የሚቀንስ ሰው ግን 977 ብር ከ50 ሳንቲም ላይ ይደርሳል።

«ጫማው 2,000 ብር እንደነበር ካወቅን ምን ቀረ?» የሚል ይኖራል። የቀረው ትልቁ ነገር ነው፤ ስሌቱ የሚነግረን የተለጠፈውን እንጂ የተሸጠበትን አይደለም። ነጋዴውም መልስ አለው፦ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለተወደደ ዋጋውን ከፍ አድርጌ ለበዓል ቀነስኩ ይላል። እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በ2,000 ብር ማንም ካልገዛው ያ ቁጥር የቀድሞ ዋጋ ሳይሆን ምኞት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለ ዋጋ ቅናሽ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መግለጫ መስጠትን ከልክሏል። እናም ለሚቀጥለው በዓል ቦሌ ስትወጡ «ስንት ነበር?» ማለት ብቻ አይብቃችሁ፤ በዚያ ዋጋ የተቆረጠ ደረሰኝ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።