ካርድ ክፍል የምትላከው «አክስት»

በቃላሚኖ የወር ቁጠባችንን ከሰበሰብን በኋላ ቡና ላይ አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ ሴትን ለወሲብ ንግድ ማዘዋወር ወንጀል ከሆነ ስንት ዘመኑ ነው? የሚያክሙንስ ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ መሠልጠን የጀመሩት መቼ ነው?

ሕጉ ቀድሟል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በሴቶችና በሕፃናት የሚነግድን ይቀጣ ነበር። የ1997ቱም የወንጀል ሕግ እንዲሁ። ራሱን የቻለ አዋጅ በ2007 ወጣ፤ በ2012 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1178 ተተካ።

ጤና ጣቢያው ዘገየ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር፣ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ልጃገረዶች አንድ ዓመት ሠልጥነው 16 ፓኬጅ ይዘው ወደየቀበሌው ወጡ። መጸዳጃ ቤት፣ ክትባት፣ ወባ፣ የቤተሰብ ምጣኔ ነበሩበት፤ የተሸጠችን ልጅ መለየት የሚል ርእስ ግን አልነበረም። አንወቅሳቸውም፤ ልጆቻችንን ያስከተቡልን እነሱ ናቸው።

በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ጉዳዩ በር ላይ ቆመ። በቤት ሠራተኝነት ሄደው ተደፍረውና ደመወዛቸውን ተከልክለው የመጡ ነበሩ። ለነዚህ ሴቶች የመጀመሪያው ጠያቂ ሐኪም ወይም ነርስ ነው፤ ፖሊስን ይፈሩታል።

ምን እንደሚጠየቅ የሚያሳይ ጽሑፍ በዚያን ጊዜ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅትና የለንደኑ የሐሩር በሽታዎች ሕክምና ትምህርት ቤት ከሌሎች ጋር ለጤና ባለሙያዎች መመሪያ አውጥተዋል። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፤ በመጀመሪያ አትጉዳት፣ ለብቻዋ አነጋግራት፣ አብሯት የመጣውን ሰው አስተርጓሚ አታድርግ፣ እሺ ሳትል ለማንም አትናገር። የመጨረሻው ለእኛ ከባድ ነው፤ ደንግጠን ቶሎ ፖሊስ እንጠራለን፣ ልጅቷ ግን ማታ የምትመለሰው እዚያው ያዘዋወሯት ሰዎች ቤት ሊሆን ይችላል።

ከአባሎቻችን አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የምታየውን ነገረችን፤ ተደጋጋሚ የአባላዘር በሽታ፣ የቤቷን ሰፈር የማታውቅ ልጅ፣ መታወቂያዋን የያዘች «አክስት»፣ ልጅቷ ስትጠየቅ የምትመልሰውም «አክስት»። አንድ ቀን አፋርኛ ብቻ የምትናገር ልጅ እንዲህ መጣችባት።

«እንዴት ለያየሻቸው?» አልናት።

«እማማ፣ ካርድ ክፍል ሄደው ያስመዝግቡልኝ ብዬ ላክኋቸው። ወረፋው ረጅም ነው። በሩን ዘጋሁና አፋርኛ የምትችለውን የፅዳት ሠራተኛችንን በጓሮ በር አስገባኋት።»