ከአቡጊዳ እስከ ኤ ቢ ሲ ዲ፤ የፊደል ትምህርት በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ

ለሕፃናት የእንግሊዝኛን ፊደል በጨዋታ ስለ ማስተማር ሲነሣ፣ ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ጥበብ የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። ፊደል የተጻፈባቸውን ካርቶኖች መቀላቀል፣ ፊደላትን ከተራቸው አውጥቶ ማስለየት፣ የጎደለውን ማስፈለግ፣ ሁሉም የዘመናዊው ትምህርት ዘዴ ሆነው ይቈጠራሉ። ይሁን እንጂ የእነዚህ ጨዋታዎች ዋና ሐሳብ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከመከፈቱ አስቀድሞ ይሠራበት ነበር። ስሙም አቡጊዳ ይባላል።

በዚያ አገር ልጅ ወደ ትምህርት ሲገባ የሚረከቡት በደብሩ አጠገብ የሚያስተምሩት የኔታ ነበሩ። የመንዝና የግሼ ደጋ 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ከፍታ ያለው ብርዳም አገር ነውና፣ ልጆቹ ደበሏቸውን ደርበው፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያርፍበት ቅጥር ሥር ተቀምጠው ፊደል ይቈጥራሉ። በስንደዶ ገበታውን እየነኩ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» ይላሉ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቅርጽ ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። የኔታ ብቻቸውን ሁሉን አያዳርሱምና፣ ፊደል የለየው ልጅ ገና ያልለየውን ያስቈጥረዋል።

በዚህ የቈጠራ ትምህርት ውስጥ አንድ የተሰወረ ችግር አለ። ሕፃን ጆሮው ከዐይኑ ይፈጥናል። ከሳምንታት ጩኸት በኋላ ከሀ እስከ ፐ ሳይሳሳት ይዘልቃል፤ ነገር ግን ስንደዶው ድንገት ከመካከል አንዱ ፊደል ላይ ቢያርፍ፣ ከመጀመሪያው ተነሥቶ እየቈጠረ እስኪደርስበት ድረስ ስሙን ሊናገር አይችልም። እንዲህ ያለው ልጅ ዜማውን እንጂ ፊደሉን አላወቀም።

የቀድሞ መምህራን ለዚህ ችግር ያገኙለት መድኃኒት ተራውን ማፍረስ ነበር። በሀሁ የተለመደው ቅደም ተከተል ይቀርና፣ ፊደሉም ድምፁም በየርምጃው እየተለወጡ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» ይላል። የሚቀጥለው መስመር «በ፣ ጉ፣ ዲ፣ ሃ» ብሎ ይነሣል። አ ግዕዝ ነው፤ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ ዳ ራብዕ ነው። ልጁ የሀሁን ዜማ ሊመረኰዝበት አይችልም፤ እያንዳንዱን ቅርጽ አይቶ መለየት ግድ ይሆንበታል። ከዚህ በኋላ ነው ወደ መልእክተ ዮሐንስ ንባብ፣ ቀጥሎም ወደ ዳዊት የሚሻገረው።

ይህ ጥበብ በሌላውም ዓለም አምሳያ አለው። በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት በሮም ያስተምር የነበረው ኲንቲልያኖስ፣ ሕፃናት ቅርጹን ሳያዩ የፊደላትን ስምና ተራ አስቀድመው በቃላቸው መያዛቸው እንደሚጎዳቸው ጽፏል። መምህራንም ተራው የተያዘ ሲመስላቸው ወደ ኋላ እየመለሱና እየቀላቀሉ የሚያስቈጥሩት በዚህ ምክንያት መሆኑን አመልክቷል። ሕፃናት በዝሆን ጥርስ በተቀረጹ ፊደላት እየተጫወቱ ቢማሩ መልካም መሆኑንም አክሏል። እንግሊዛዊው ዮሐንስ ሎክ እ.ኤ.አ. በ1693 ባሳተመው የትምህርት መጽሐፍ፣ ፊደላት በዛህራ ላይ ተለጥፈው ልጆች እየጣሉ እንዲማሩባቸው መክሯል። የሮሙ መምህርና የደጋው የኔታ ሳይተዋወቁ አንድ መፍትሔ ላይ ደርሰዋል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ግን የሁለቱ ፊደላት ዝምድና ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚለው ተራ የደቡብ ሴማውያን ሲሆን፣ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ የሚለው የሰሜኖቹ ነው። ይህን የሰሜን ተራ ግሪኮች ከፊንቄ፣ ሮማውያንም በኤትሩስካውያን በኩል ከግሪክ ወረሱት፤ እንግሊዝኛም ከሮም ተቀበለው። ስለዚህ የአቡጊዳ የመጀመሪያ መስመርና የእንግሊዝኛው መነሻ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አ ከኤ፣ ቡ ከቢ፣ ዳ ከዲ ጋራ ይገጥማል። ሲ ከገምል ወገን የወጣች ናትና ከጊ ጋራ ትቆማለች። ኢ የሄ፣ ኤፍ የው ዘመድ ናቸው። ሰባተኛው ቦታ በጥንት ሮማውያን ዘንድ የዜድ ነበረ፤ በኋላ ለጂ ተሰጥቶ ዜድ ወደ መጨረሻው ተወሰደ እንጂ፣ ከዞ ጋራ በገጠመ ነበር። ወደ ታችም ከ፣ ለ፣ መ፣ ነ ከኬ፣ ኤል፣ ኤም፣ ኤን ጋራ፣ ቀ፣ ረ፣ ሰ፣ ተ ደግሞ ከኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ ጋራ ይሰለፋሉ።

ዳዊት የደገመ ልጅ ይህን ተራ በ118ኛው መዝሙር አርእስት ላይ በዕብራይስጥ ስሙ አሌፍ፣ ቤት እያለ ያገኘዋል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ካረፉ በኋላ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የግዕዝ መዝገበ ቃላታቸውም የተሰናዳው በአበገደ ተራ ነው። የአቡጊዳ ስም እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ዓለም የሥነ ጽሕፈት ጥናት ገብቷል። አሜሪካዊው ምሁር ፒተር ዳንኤልስ እንደ ግዕዝና እንደ ሕንድ ያሉ፣ ፊደሉ ከአናባቢው ጋራ ተዋሕዶ የሚጻፍባቸውን አጻጻፎች «አቡጊዳ» ብሎ ሰይሟቸዋልና።

ዘመናዊው ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተመሠረተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር፣ ከውጭ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛ ገኖ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ፤ የማስተማሪያ ቋንቋም ሆነ። በ1956 ዓ.ም. አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ በማስተማሪያነት ከሰባተኛ ክፍል እንዲጀምር ተደረገ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ወሰነ። በዚህም የእንግሊዝኛው ፊደል ገና ሀሁን በሚለዩ የደጋ ሕፃናት ፊት ቀረበ።

ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቈጥሮ የመጣ ልጅ ባዶ እጁን አልመጣም። ከግራ ወደ ቀኝ መጻፍን ያውቃል፤ 231 ቅርጽ የለየ ዐይን 26ቱን ፊደላት፣ ከትልልቆቹና ከትንንሾቹ ጋራ 52 ቅርጾችን፣ ለመለየት አይቸገርም። የሚያደናግረው ሌላ ነው። ለእርሱ በ ሲባል ስሙም ድምፁም አንድ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን «ደብልዩ» ተብሎ የተጠራው ፊደል ሲነበብ «ው» ይሆናል። አናባቢው ከፊደሉ ተለይቶ ለብቻው ይጻፋል። ትንንሾቹ ቢና ዲ፣ ፒና ኪው፣ ሲገለበጡ አንዱ ሌላውን ይመስላሉ።

ይህን ሁሉ ዜማ ብቻ አይፈታውም። እ.ኤ.አ. በ1835 በቦስተን የተመዘገበው የኤ ቢ ሲ ዲ መዝሙር በብዙ አገር ልጆች ዘንድ የተወደደ ነው፤ ተራውን ለማስያዝም ይረዳል። ሆኖም መዝሙሩን የጨረሰ ልጅ ሁሉ ፊደል ለየ ተብሎ ከታለፈ፣ የሀሁ አሮጌ ችግር በአዲስ ዜማ ይመለሳል። ልጁ በዜማው ጊዜ ጎበዝ ይባላል፤ መጽሐፍ ሲሰጠው ዝም ይላል። ዝምታውም ለሰነፍነት ይቈጠርበትና ትምህርቱን እስከ መጥላት ያደርሰዋል።

መድኃኒቱ በእጅ ያለ ነው። 26 የጠርሙስ ቆርኪዎች ወይም የካርቶን ቁራጮች ፊደል ተጽፎባቸው ቢቀላቀሉ፣ ልጆች እያነሡ ስሙንና ድምፁን ለየብቻ ቢናገሩ፣ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ፊደል ይዞ ከተራው ወጥቶ ቢቆምና ጓደኞቹ ወደ ቦታው ቢመልሱት፣ አቡጊዳ በእንግሊዝኛ ተሠራ ማለት ነው። ፊደል የለየው ያልለየውን ቢያስቈጥር፣ የተማሪው ብዛት ለአንዱ መምህር ሸክም መሆኑ ይቀንሳል።

የድሮው ትምህርት ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። አለንጋ ነበረበት፤ በቃል መያዝ ከመረዳት በላይ ይከበርበት ነበር፤ ከቅጥሩ ሥር የሚቀመጡትም በአብዛኛው ወንዶች ልጆች ነበሩ። እነዚህን መተው ተገቢ ነው። ከአለንጋው ጋራ አቡጊዳንም መጣል ግን እህልን ከገለባ ጋራ እንደ መበተን ይሆናል። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ የኔታዎች ፊደል የሚታወቀው በዐይን ሲለይ መሆኑን ተረድተው ነበር፤ ይህም መረዳት ለኤ ቢ ሲ ዲ መምህር የተተወ ርስት ነው።