«ወገቤን!» ሲሉን፦ የአንድ ቅጽ ታሪክ

ከእኛ ትምህርት ክፍል የወጣ ሰው ይህን ቅጽ አይረሳውም፤ አሥር ክፍል፣ በየክፍሉ ስድስት ዓረፍተ ነገር። እኔም በልምምድ ዘመኔ ነጥቡን እየደመርኩ መዝገብ ላይ አሰፍር ነበር እንጂ ቅጹ ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም። እስኪ ዛሬ ታሪኩን ላውጋችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከዌልስ ድንበር አጠገብ ባለችው ኦስዌስትሪ በተባለች የእንግሊዝ ከተማ ነው። እዚያ በሚገኘው የአጥንት ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ በጆን ኦብራየን አነሳሽነት አንድ ሥራ ተጀመረ። የአጥንት ቀዶ ሐኪም፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያና የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ሆነው ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አነጋገሩ። ዋናው ጥያቄያቸው ሕመሙ ከዕለት ኑሯችሁ ምን አስተጓጎለ የሚል ነበር። ከመልሱ የተወለደውን መጠይቅ ጄረሚ ፌርባንክና ባልደረቦቹ በ1980 አሳተሙት። ልብሱን መልበስ፣ ዕቃ ማንሳት፣ መራመድ፣ መቀመጥ፣ መተኛት ሁሉ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ50 ይያዝና ወደ መቶኛ ይለወጣል።

በ1983 ደግሞ ማርቲን ሮላንድና ሪቻርድ ሞሪስ አጠር ያለውን አመጡ። ለማንኛውም በሽታ ከተዘጋጀ ባለ 136 ነጥብ የአሜሪካ መጠይቅ 24ቱን መርጠው፣ «በወገቤ ምክንያት» የሚል ሐረግ ጨመሩበት። ሕመምተኛው ዛሬ የሚመለከተው ላይ ብቻ ምልክት ያደርጋል፤ በቃ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ምስል ብቻውን ስለማይበቃ ነው። በ1994 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ምንም የወገብ ሕመም የሌለባቸውን 98 ሰዎች በኤምአርአይ አየ። በሁሉም ዲስኮቻቸው ጤናማ ሆነው የተገኙት 36 በመቶው ብቻ ነበሩ! እንግዲህ ፊልሙ «ተበላሽቷል» እያለ ሰውዬው ደህና ሊሆን ይችላል። ምን ያህል እንደተቸገረ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

ግን ባለቤቱም ቢሆን የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው። ይህን ያስተማረችኝ አንዲት እናት ናት። ቅጹን በአማርኛ እያነበብኩላት ትመልሳለች። ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚጠይቀው ክፍል ላይ ስንደርስ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ዝም አለች። የጉዞው ክፍል ላይም «መች እሄዳለሁ ብለህ ነው ልጄ?» አለችኝ። ሁለቱን ዘለልን። በሕጉ መሠረት የተዘለለ ክፍል ከአካፋዩ ስለሚወጣ ከ40 ስምንት አገኘች፤ 20 በመቶ። እስከ 20 ያለው «አነስተኛ» ነው። እኔም እንደዚያው ጻፍኩ።

ተነስታ ልትወጣ ስትል፣ «ወንበር ላይ መቀመጡስ አያመኝም፤ ምጣድ ሥር ማጎንበሱን ነው ያቃተኝ» አለችኝ። እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ነበር የምትተዳደረው። ምጣዱን ከተወች ሦስት ወሯ። ቤቷን የዘጋው ሕመም በእኔ መዝገብ «አነስተኛ» ተብሎ ተቀምጧል።

ጥፋቱን በቅጹ ላይ አላላክክም። የኦስዌስትሪ ሰዎች የራሳቸውን ሕመምተኞች ጠይቀው፣ ከእነሱ ኑሮ የቀዱትን ነው የጻፉት፤ ርቀቱ በማይል፣ መቀመጫው ወንበር። እኛ ግን ውጤታቸውን ስንወስድ አጠያየቃቸውን ትተነዋል። ቃሉን መተርጎም አንድ ነገር ነው፤ ምጣዱን፣ ጀሪካኑን፣ ስግደቱን፣ በርጩማውን ማስገባት ሌላ ሥራ ነው፤ ያም ከሕመምተኛው ጋር ቁጭ ብሎ ማውራትን ይጠይቃል።

አሁን በማስተማር ላይ ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቻችሁ ነጥብ መደመር ሳይጀምሩ አንዲት ጥያቄ አስለምዷቸው፦ «በወገብዎ ምክንያት የተዉት ሥራ ምንድን ነው?» መልሱን ከቁጥሩ ጎን ይጻፉት። እኔ የዚያችን እናት መዝገብ ያስተካከልኩት ደጋግሜ ካነጋገርኳት በኋላ ነው፤ ሕክምናውንም ከምጣዱ ከፍታ ጀመርን።