«የበረዶው ጨዋታ» እና የጄሪ ክሬመር ድርሻ

የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው የአሜሪካ ፉትቦል ወዳጆች አንድ አሮጌ ፊልም አውጥተው ማየታቸው አይቀርም። ፊልሙ የተቀረጸው በዊስኮንሲን ግዛት ግሪን ቤይ በምትባል አነስተኛ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1967፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 21 ቀን 1960 ዓ.ም. እሑድ ዕለት ነው። ግሪን ቤይ ፓከርስና ዳላስ ካውቦይስ ለሊጉ ዋንጫ ተገናኝተው ነበር። ግጥሚያው እስከ ዛሬ «የበረዶው ጨዋታ» ይባላል።

ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ደርሷል። አሠልጣኙ ቪንስ ሎምባርዲ በዚያው ዓመት ከሣሩ ሥር ያስቀበሩት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በዚያ ቀን አልረዳም፤ መሬቱ ድንጋይ ሆኖ ዋለ። የዳኞቹ ፊሽካ ከከንፈር ጋር እየተጣበቀ ስላስቸገረ ጨዋታውን በድምፃቸው እየጮኹ መሩት። ይህ ሁሉ ሆኖ ከሃምሳ ሺህ በላይ ሰው ስታዲየሙን ሞልቶት ነበር።

ሊያልቅ 16 ሰከንድ ሲቀር ዳላስ 17 ለ 14 ይመራል። ኳሱ ከግብ መስመሩ የሚርቀው ሁለት ክንድ በማይሞላ መሬት ነው። ግሪን ቤይ የመጨረሻውን ታይም አውት ጠርቷል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ኳሱን የተቀበለው ሯጭ ተንሸራትቶ ስለቀረ፣ ኳርተርባኩ ባርት ስታር ወደ ሎምባርዲ ሄዶ ራሴ ይዤ ልግባ አላቸው። ኳሱን በእግር አስመትቶ ሦስት ነጥብ ማግኘትና አቻ መሆን ይቻል ነበር፤ ሎምባርዲ ግን የስታርን ሐሳብ ተቀበሉ። ስታር ኳሱን ከሴንተሩ ከኬን ቦውማን እጅ ወሰደ፤ ከዚያም በቦውማንና በቀኝ ጋርዱ በጄሪ ክሬመር መካከል ወደፊት ወደቀ። 21 ለ 17።

ለስድስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ያልተቋጨው ክርክር የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

እንደ ክሬመር ያለ የአጥቂ መስመር ተጫዋች ኳስ አይዝም። ሥራው ከፊቱ የቆመውን ግዙፍ ተከላካይ ገፍቶ ለሌላው መንገድ መክፈት ነው። ሕዝቡ ዐይኑን ከኳሱ ጋር ስለሚልክ እሱን አያየውም። በዚያ እሑድ ግን የሲቢኤስ ቴሌቪዥን ካሜራ የስታርን አገባብ ደጋግሞ ሲያሳይ፣ ክሬመር ጄትሮ ፒዩ የተባለውን የዳላስ ተከላካይ ዝቅ ብሎ ሲገጨው በጉልህ ታየ። አንድ ጋርድ በአንድ ምሽት በመላው አሜሪካ ታወቀ። ክሬመር በዚያ የውድድር ዓመት የዕለት ውሎውን በድምፅ መቅጃ ሲመዘግብ ቆይቶ ነበርና፣ ከጋዜጠኛው ዲክ ሻፕ ጋር እ.ኤ.አ. በ1968 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። የመጽሐፉም ርእስ የተወሰደው ከዚያው ከቴሌቪዥኑ ድጋሚ ምስል ነው። እጅግ ብዙ አንባቢ አገኘ።

ክርክሩ ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው ክሬመር ኳሱ ሳይነሣ ቀድሞ ተንቀሳቅሷል የሚል ነው። ፒዩ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ሲል ኖሯል። ክሬመርም ቢሆን በገዛ መጽሐፉ ላይ ቀድሜ አልተነሣሁም ብሎ ሊምል እንደማይችል ጽፏል፤ ይህን ሐቀኝነቱን አከብርለታለሁ። ፊልሙን ደጋግሞ ያየ ሰውም የክሬመር እጅ ለቅጽበት ቀደም ማለቱን ለመካድ ይቸገራል። ዳኛ ግን አልቀጣውም፤ ውጤቱም በዚያው ጸና።

ሁለተኛው ይከብደኛል። ፒዩን የገፋው ክሬመር ብቻ አልነበረም። ክሬመር ዝቅ ብሎ ሲገባ ፒዩ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ በዚያችው ቅጽበት ቦውማን ከግራ ደርሶ ወደ ኋላ ነዳው። ሴንተሩ ኳሱን በእግሮቹ መካከል አስረክቦ፣ ያንኑ እጁን አንሥቶ፣ በበረዶ ላይ ነው ይህን ያደረገው። ኋላ የሕግ ባለሙያ የሆነው ቦውማን እ.ኤ.አ. በ2023 እስኪያርፍ ድረስ ሥራው የሁለት ሰው እንደነበር ተናግሯል። እኔም ምስሉ የሚመሰክረው ለእሱ ይመስለኛል። ቦውማን መጽሐፍ አልነበረውም፤ የዚያን ቀን ካሜራም አልመረጠውም።

ይህን ማለት ግን የክሬመርን ድርሻ ማሳነስ አይደለም። እንዲያውም ትልቁ ድርሻው ቴሌቪዥን ያላየው ነው። በዚያው ሳምንት ቡድኑ የዳላስን ጨዋታዎች በፊልም ሲያጠና፣ ፒዩ ከሌሎቹ ይልቅ ከፍ ብሎ እንደሚነሣ ያስተዋለውና በእሱ በኩል መግባት ይቻላል ብሎ ለሎምባርዲ የጠቆመው ክሬመር ነበር። ዝናው በዚህ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ክሬመር እ.ኤ.አ. በ1936 ሞንታና ውስጥ ተወልዶ በአይዳሆዋ ሳንድፖይንት አደገ። ከአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ በ1958 ለፓከርስ ተመርጦ እስከ 1968 ድረስ 64 ቁጥርን ለብሶ ተጫወተ። ሎምባርዲ በ1959 መጥተው ቡድኑን የገነቡት ሁለቱ ጋርዶች፣ ክሬመርና ፈዚ ተርስተን፣ ከመስመራቸው ወጥተው ወደ ጎን እየሮጡ ለሯጩ መንገድ በሚጠርጉበት አጨዋወት ዙሪያ ነው። ቡድኑ በሰባት ዓመት አምስት ዋንጫ ወሰደ። በ1962ቱ ፍጻሜ ኒውዮርክ ጃያንትስን 16 ለ 7 ሲያሸንፉ መቺ ሆኖ የገባው ክሬመር ነበርና ከ16ቱ ነጥብ 10ሩ የእሱ ነው። በ1964 ሆዱ ውስጥ የተገኘው ነገር ካንሰር ነው ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ደጋግሞ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ በወጣትነቱ ተሰክቶበት የቀረ የእንጨት ስንጥር ወጣለት። በ1965 ተመልሶ ሦስት ተጨማሪ ዋንጫ አነሣ።

በ1969 ሊጉ 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር ከምንጊዜም ምርጦች አንዱ አድርጎ መረጠው። የስፖርቱ የዝና አዳራሽ ግን አሥር ጊዜ ለመጨረሻው ዙር አድርሶ አሥር ጊዜ መለሰው። ከዚያ ቡድን ብዙ ሰው ገብቷል ይባል ነበር፤ ለእኔ ይህ ምክንያት አይሆንም። የገባው እ.ኤ.አ. በ2018፣ በ82 ዓመቱ ነው።

በዚያ ቀን ከተነሡት ፎቶግራፎች አንዱ ላይ ከስታር ጀርባ ሌላው የፓከርስ ሯጭ ቸክ ሜርሲን ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ይታያል። ብዙ ሰው የድል ምልክት ይመስለዋል። ሜርሲን ግን ኳሱ ለእኔ ነው ብሎ ሲንደረደር ስታር ራሱ እንደያዘው አየ፤ ኳስ የያዘን ተጫዋች ከኋላ መግፋት ያኔ ክልክል ስለነበር እንዳልነካው ለዳኞቹ ማሳየቱ ነበር። ኋላ ክልከላው ተነሣ። ዛሬ ፊላደልፊያ ኢግልስ ኳርተርባካቸውን ከኋላ እየገፉ በማስገባት ይታወቃሉ፤ የሚቀርብባቸውም አቤቱታ የአጥቂ መስመሩ ቀድሞ ይነሣል የሚል ነው። በ2025 ይህ አጨዋወት እንዲታገድ ለሊጉ ሐሳብ ያቀረበው ደግሞ ግሪን ቤይ ፓከርስ ነው። 22 ቡድኖች ደግፈው 10 ተቃወሙ፤ ለማጽደቅ 24 ድምፅ ስለሚያስፈልግ ሐሳቡ ወደቀ። የኢግልስ ሴንተር ግን፣ እንደ ቦውማን ሳይሆን፣ ዛሬ በእያንዳንዱ ድጋሚ ምስል ላይ ይታያል።