ሳርኮፔኒያ፦ የጡንቻ መመንመን

«ጉልበቴ ከዳኝ» የሚል የስኳር ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ «እርጅና ነው» ተብሎ ይሸኛል። ሕክምናው ግን ለዚህ ድካም ስም አለው፦ ሳርኮፔኒያ። በግሪክኛ «ሥጋ» እና «እጦት» ከሚሉ ቃላት ያዋቀረው አሜሪካዊው ተመራማሪ ኧርዊን ሮዘንበርግ ነው፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ።

በአማርኛ «የጡንቻ መመንመን» ብንለው ይስማማል። «መክሳት» አይበቃም። የከሳ ሰው ያስታውቃል፤ ጡንቻው የመነመነ ሰው ግን ቦርጫም ሊሆን፣ ኪሎውም ላይቀንስ ይችላል።

እስራኤል ላሉ ወገኖቻችን ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከ1984 ጀምሮ በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ከአገራቸው ሲወጡ ስኳር በሽታን እምብዛም አያውቁትም ነበር። አኗኗርና አመጋገብ ሲለወጥ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተስፋፋባቸው። ሐደራ በሚገኘው ሂሌል ያፌ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር አናት ያፌ በ1998 «ቴኔ ብሪኡት» የተባለውን የጤና ድርጅት ያቋቋሙት ማኅበረሰቡን በራሱ ቋንቋና ባህል ለማስተማር ነው።

ስኳርና ጡንቻን ምን አገናኛቸው? ጡንቻ ዘወትር ይፈርሳል፣ ዘወትር ይገነባል። ኢንሱሊን ስኳርን ወደ ሴል ከማስገባቱ በተጨማሪ ይህን መፍረስ ይገታል። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሰውነት አልታዘዘው ሲል ፍርሻው ግንባታውን ይቀድማል። የጃፓኑ ኮቤ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 አንድ ነገር ጨመሩ፦ በአይጦችና በሴሎች ላይ እንዳዩት፣ የበዛ የደም ስኳር ራሱ ኬኤልኤፍ15 የተባለ ፕሮቲን እንዲከማች አድርጎ ጡንቻን ያመነምናል። ክፋቱ ዞሮ መመለሱ ነው። በኢንሱሊን ትእዛዝ ከደም የሚወጣውን ስኳር አብዛኛውን የሚወስደው ጡንቻ ነውና፣ እሱ ሲያንስ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል፤ የቀረው ስኳር ደግሞ የተረፈውን ጡንቻ ይጎዳል።

መጠርጠሪያው ቀላል ነው። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር 5 ጊዜ ተነሥቶ መቀመጥ ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደ፣ የአውሮፓ ባለሙያዎች መመሪያ የጡንቻ ድካም ምልክት ይለዋል። መድኃኒቱ በአብዛኛው ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴና በቂ ፕሮቲን ነው፤ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ እንቁላሉም ይቆጠራል። ኩላሊቱን የሚታመም ሰው ግን የፕሮቲኑን መጠን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጨምር።

እናቶችና አባቶች፣ በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ስለ ስኳራችሁ ቁጥር ብቻ አትጠይቁ፤ የጉልበታችሁንም ነገር ለሐኪሙ ንገሩ።