የመጨረሻዋ ካርታ፦ ሁሉን መግፋት መቼ ነው?

ፖከር ጠረጴዛ ላይ አምስተኛዋ ካርታ ስትገለጥ ተስፋ የሚባለው ነገር ያበቃል፡፡ ከዚያ በፊት ያለውን ሁሉ የገፋ ሰው «ቀጣዩ ካርታ ያወጣኝ ይሆናል» ማለት ይችላል፡፡ አሁን ግን ቀጣይ የለም፡፡ የቀረው ከፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ምን ያደርጋል የሚለው ብቻ ነው፡፡ ፈረንጆቹ ይህችን ካርታ «ሪቨር»፣ ያለን ሁሉ መግፋትን ደግሞ «ኦል ኢን» ይላሉ፡፡ እኛም ዛሬ ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ በቢኒየንስ ሆርስሹ ካዚኖ የተደረጉ ሁለት ግፊቶችን እናወጋችኋለን፡፡

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፡፡ በዓለም የፖከር ውድድር ፍጻሜ ላይ የቀሩት የ1987ቱ አሸናፊ ጆኒ ቻንና ወጣቱ ኤሪክ ሳይደል ነበሩ፡፡ ጠረጴዛው ላይ ኩዊን፣ አስር፣ ስምንት፣ ሁለትና ስድስት ወጡ፡፡ ሳይደል ኩዊንና ሰባት ስለያዘ ጥንድ ኩዊን አለው፡፡ ቻን ግን በጃክና በዘጠኝ ከስምንት እስከ ኩዊን ደርድሮ፣ ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጧል፡፡ በመጨረሻዋ ካርታ ቻን አሳለፈ፤ ሳይደል ሁሉን ገፋ፤ ቻን ተቀበለ፡፡ አለቀ!

ጥንድ ኩዊን መጥፎ ካርታ አይደለም፡፡ ችግሩ ያነሰ የያዘ ሰው ያን ሁሉ ገንዘብ ሲያይ ባብዛኛው ይጥላል፤ የሚቀበለው የበለጠ የያዘው ነው፡፡

ሁለተኛው በ2003 ነው፡፡ የቴነሲው የሒሳብ ሠራተኛ ክሪስ መኒሜከር (ስሙ እውነተኛ ነው፣ እኛ አላወጣንለትም!) በኢንተርኔት በ86 ዶላር ተጫውቶ፣ መግቢያው 10,000 ዶላር የሆነውን ውድድር ተቀላቀለ፡፡ ለፍጻሜም ደርሶ ከሊባኖስ ተወላጁ ባለሙያ ሳሚ ፋርሃ ጋር ተፋጠጠ፡፡ በአንዱ ዙር መኒሜከር ኪንግና ሰባት ይዞ የጠበቀው ሁሉ ሳይመጣለት ቀረ፡፡ ፋርሃ ጥንድ ዘጠኝ ነበረው፡፡ መኒሜከር ባዶውን ሁሉን ገፋ፡፡ ፋርሃ «የጠበቅከው አልመጣልህም መሰለኝ» እስከማለት ደርሶ ነበር፤ ግን ጣለ፡፡ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ፋርሃ ጠርጥሮም ተመነጠረ፡፡ መኒሜከር ብዙም ሳይቆይ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ወጣ፡፡

እንግዲህ ከሁለቱ የምንወስደው ሁለት ጥያቄ ነው፡፡ ደህና ካርታ ከያዝን፦ ከኛ ያነሰ ይዞ የሚቀበለን አለ? ባዶ ከሆንን፦ ከኛ የበለጠ ይዞ የሚጥልልን አለ? መልሱ «የለም» ከሆነ እጅን መሰብሰብ ነው፡፡ ሒሳቡም ቀላል ነው፡፡ መሐል 100 ብር ቢኖርና ባዷችንን 100 ብንገፋ፣ ተጋጣሚያችን ከግማሽ በላይ ጊዜ ካልጣለ አናተርፍም፡፡

በ2003 ተወዳዳሪዎቹ 839 ነበሩ፤ በ2006 8,773 ሆኑ፡፡ ብዙዎቹን የሳበው የመኒሜከር ታሪክ ነው፡፡ ያ ታሪክ ግን የሚተርከው የተሳካለትን ነው፡፡ ባዶውን ገፍቶ «ተቀብያለሁ» የተባለውን ሰው ማን ይተርክለታል? ደመወዙን፣ የቤት ኪራዩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ የወጣውንስ? ሳይደል በዚያች ካርታ ተሸንፎም በ2010 የፖከር የክብር መዝገብ ውስጥ ገብቷል፡፡ የአንድ ምሽት ውጤት ማንንም አይለካም፡፡ መግፋት ያማራችሁ ዕለት የመኒሜከርን ሚሊዮን ተዉትና ሁለቱን ጥያቄዎች አስታውሱ፡፡